ጓያ ሰው የሚሰብረው መቼ ነው?

በጣና ዙሪያ በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች፣ በጎጃም፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ መረሬ መሬቶች ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጓያ ይዘራል። አፈሩ ገና ጭቃ ሳለ የተበተነው ዘር ሌላ ዝናብ ሳይጠብቅ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ በጥርና በየካቲት ይነቀላል። ብዙ እርሻም ሆነ ማዳበሪያ አይፈልግም። ውኃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናቡ ያለጊዜው ሲቋረጥ ደግሞ ሌላው ሰብል በደረቀበት ማሳ አጠገብ እሱ ፍሬ ይይዛል። እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ሁሉ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ለአፈሩ ያተርፋል፤ ከፍሬው ክብደትም ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። በዚህ ሁሉ መልካም ጠባይ ላይ አንድ ክፉ ነገር ተደርቦበታል፦ ሰው ለወራት ከእሱ በቀር የሚበላው ሲያጣ እግሩን ይሰብረዋል።

ይህን ክፉ ነገር ለመረዳት ሐኪሞች፣ ኬሚስቶችና የሰብል አዳቃዮች በየፊናቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት ደክመዋል። ሥራቸው ጎን ለጎን ሲነበብ የሚሰጠው መልስ «ጓያ መርዝ ነው» ከሚለው አጭር ፍርድ የተለየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕመሙ በሕክምና ቋንቋ ኒውሮላቲሪዝም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በድንገት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ ትናንት እርሻ ላይ የዋለ ጎልማሳ ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ እግሩ ይከብደዋል፣ ባቱ ይኮማተራል፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ከባድ የጉልበት ሥራና ተቅማጥ ጅማሬውን እንደሚያፋጥኑት ታይቷል። የሚጎዱት ከአንጎል የእንቅስቃሴ ክፍል ተነሥተው በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ ታች የሚወርዱና እግርን የሚያዝዙ ነርቮች በመሆናቸው እግሩ አይዝልም፤ ይልቁንም ይገተራል። ታማሚው በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠና ጉልበቶቹን እያጋጨ ይራመዳል። ቀለል ያለለት ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፣ የባሰበት አንድ ምርኩዝ ይይዛል፣ ሌላው ሁለት፤ ክፉኛ የተጎዳው በእጁና በጉልበቱ ይድሃል። ንግግሩና አእምሮው ግን እንደ ወትሮው ናቸው፣ ዕድሜውም በሕመሙ ምክንያት አያጥርም፤ ስለዚህ በ20 ዓመቱ የተሰበረ ሰው የቀረውን ዘመን ሁሉ እንዲሁ ሆኖ ይኖራል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች፣ ከአረጋውያን ይልቅ በወጣቶች ላይ ይበረታል፤ ለምን እንደሆነ ሳይንሱ ገና አልቆረጠም። አንዴ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ቶልፔሪዞን የተባለ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ግትርነቱን ሊያረግብ እንደሚችል ታይቷል፤ የተጎዳውን ነርቭ መመለስ ግን አይችልም።

የሕመሙን ስፋት በኢትዮጵያ ውስጥ በሥርዓት የለኩት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በደምቢያና በፎገራ ያካሄዱትና በ1990 የታተመው ጥናታቸው በአማካይ ከ1,000 ሰው 6 ያህሉ በዚህ ሕመም የተጎዳ መሆኑን አሳየ፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ እጅግ የሚለያይ ስለሆነ አማካዩ የባሰባቸውን መንደሮች አይገልጽም። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በወሎ ደላንታ ዳውንት ሌላውን ሰብል አጥፍቶ ጓያውን ብቻ ሲያስቀር ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከ2,000 በላይ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። በሽታው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ሕንድና ባንግላዴሽ ለረጅም ዘመን አውቀውታል፣ ስፔን ከእርስ በርስ ጦርነቷ ማግሥት በረሃብ ዘመኗ አይታዋለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በሩማንያ ሥር በነበረው የቫፕኒያርካ ካምፕ ለአይሁድ እስረኞች በዋነኝነት ጓያ ይሰጣቸው ስለነበር ብዙ መቶ ሰዎች ታመሙ። ምክንያቱን የለየው ራሱ እስረኛ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ እስራኤል ገብቶ የተረፉትን ታማሚዎች ለዓመታት ተከታትሏል። ደላንታና ቫፕኒያርካ በምንም የማይገናኙ ቦታዎች ናቸው፤ የሚያመሳስላቸው ጓያው ብቻ ሳይሆን ከጓያው ሌላ ምርጫ አለመኖሩ ነው።

መርዙ በኬሚስቶች እጅ የገባው በ1964 ሕንድ ውስጥ ነው። ባጭሩ ኦዳፕ ይባላል፤ ፕሮቲን የሚሠራባቸው ዓይነት ሳይሆን ተክሉ ለብቻው የሚሠራው አሚኖ አሲድ ነው። ነርቮች እርስ በርስ መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ግሉታሜት ሲሆን፣ ኦዳፕ በቅርጹ ለግሉታሜት እጅግ ስለሚቀርብ ነርቡ ላይ ያለው ተቀባይ አይለየውም። እውነተኛው ግሉታሜት መልእክቱን አድርሶ ወዲያው ይነሣል፤ ኦዳፕ ግን ነርቡን ያለ ፋታ ይቀሰቅሰዋል። ከመጠን በላይ የተቀሰቀሰ የነርቭ ህዋስ ካልሲየም ይሞላበታል፣ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎቹ ይታወካሉ፣ በመጨረሻም ይሞታል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በደንብ የተመገቡ የሙከራ እንስሳትን ጓያ ወይም ኦዳፕ ሰጥቶ በሽታውን እንደ ሰው ማስያዝ ተመራማሪዎችን ሲያስቸግር ኖሯል። በአንድ ገበታ ቀርበው ከሚበሉ የቤተሰብ አባላት መካከልም አንዱ ሲሰበር ሌሎቹ ይተርፋሉ። ስለዚህ መርዙ ያለው እህሉ ውስጥ ቢሆንም በሽታውን የሚወስነው ሌላም ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚያተኩሩት ድኝ በያዙት ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ በሜቲዮኒንና በሲስቲን ላይ ነው። ሰውነታችን ህዋሶቹን ከጉዳት የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራው ከሲስቲን ነው፤ ሲስቲን ሲያንሰው ደግሞ ከሜቲዮኒን ያዘጋጀዋል። ጓያ በፕሮቲን ቢበለጽግም በእነዚህ በሁለቱ ደሃ ነው። በዚያ ላይ ኦዳፕ ራሱ ሲስቲን ወደ ህዋሱ የሚገባበትን መንገድ ያውካል። እንግዲህ ጓያን ብቻ የሚበላ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠቃል፤ አጥቂውንም ይበላል፣ መከላከያውንም ያጣል። በነገራችን ላይ በሞዛምቢክ፣ በታንዛኒያና በኮንጎ በደንብ ያልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ የሚያመጣው ኮንዞ የተባለ ሕመም በእግር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ጋር እጅግ ተመሳሳይ ነው። የካሳቫው መርዝ ሲያናይድ ነው፤ ከኦዳፕ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የታማሚዎቹ ምግብ ግን በዚያም በድኝ አሚኖ አሲዶች የደኸየ ነው።

የእህል ዘሮች፣ ማለትም ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ከጥራጥሬ የተሻለ የድኝ አሚኖ አሲዶች አሏቸው። በጥንት ጊዜ ሽሮን በእንጀራ መብላት የጀመረ ሰው ይህን አስቦ አላደረገውም፤ ቢሆንም የሚጎድለውን የሚሞላ አበላል ነው። ጓያ አደገኛ የሚሆነው ከዕለቱ ምግብ ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ለሁለትና ለሦስት ወር ያለማቋረጥ ሲበላ ነው። ከተማ ውስጥ አልፎ አልፎ ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ በጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው፣ ሌላውም ምግቡ የተለያየ ከሆነ፣ እግሬ ይያዛል ብሎ የሚሠጋበት ምክንያት የለም። ጓያ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ይሰብራል የሚባለውም መሠረት የለውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በመብላት ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት ሊሰጠው ይገባ የነበረው፣ ግን በእኔ ግምት የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት ምርምር የወጥ ቤቱ ነው። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የቤልጅየሙን ፌርናንድ ላምቤንን ጨምሮ ባልደረቦቻቸው በደላንታው ወረርሽኝ የተሰበሩትንና ያልተሰበሩትን አወዳድረው፣ ጓያው እንዴት ተሠርቶ እንደተበላ ጠየቁ፤ ውጤቱም በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ አደጋውን ከፍ አድርገውታል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ የተበላው ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየበትም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገቡበት ወጥ አብሮ ሲኖር አደጋው ቀንሷል፤ ከእህል ዘር ጋር ተደባልቆ ሲበላም እንዲሁ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ከኬሚስትሪው ጋር አዛምዶ ማየት ይቻላል። ኦዳፕ በውኃ በቀላሉ ይሟሟል። ጓያው ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ውኃው ከተደፋ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ተቀቅሎ የተቀቀለበት ውኃ ደግሞ ከተደፋ ብዙው መርዝ አብሮ ይወጣል፤ ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው የበለጠ ይሠራል። ንፍሮው በትንሽ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው እዚያው ሲመጠጥ ግን መርዙ የሚሄድበት የለም። ሙቀት በራሱ ከኦዳፑ ከፊሉን ጉዳቱ ወደሚያንስ ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም፤ ስለዚህ «በደንብ ከተቆላ ችግር የለውም» የሚለው ምክር የሚያዘናጋ ነው። ማቡካት የተሻለ ይመስላል። በላቦራቶሪ በተመረጡ ሻጋታዎች ጓያን አብላልቶ የኦዳፑን መጠን በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል ታይቷል፤ የእኛ እርሾም ከሻጋታዎቹ ቢለይ በጎ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። እሸቱ ደግሞ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ያልበሰለው ፍሬ ኦዳፕ ይበዛበታል፣ ሳይሠራም ይበላል። የሚበላውም የዓመቱ ስንቅ አልቆ አዲሱ ገና ባልደረሰበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ እረኞችና አራሚዎች ከማሳው እየቀጠፉ ነው።

ይህን ሁሉ ለገበሬ ቤተሰብ ሲመክሩ አንድ ነገር መርሳት አይገባም። ዘፍዝፎ መድፋት ውኃ ይጠይቃል፤ ደጋግሞ መቀቀል ማገዶ ይጠይቃል። ጓያ ዋና ምግብ በሚሆንበት የድርቅ ዓመት ምንጩ ርቋል፣ ማገዶውም ተመናምኗል፣ ሽንኩርት መግዣ ገንዘብም የለም። ንፍሮ የሚመረጠው ጣፋጭ ስለሆነ ሳይሆን ከእንጀራና ከወጥ ይልቅ ወጪው ስለሚያንስ ነው። ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ በጣም በሚያስፈልግበት ዓመት ለመፈጸም በጣም ይከብዳል።

መንግሥታት የሞከሩት ቀላሉ መንገድ መከልከል ነበር። ሕንድ በ1961 ሽያጩን ለማገድ ደንብ አወጣች፣ ስፔንም በ1967 ለሰው ምግብነት ከለከለች። የሕንድ ገበሬዎች ግን መዝራቱን አልተዉም፤ በሩዙ ማግሥት እርጥብ መሬት ላይ ያለ ወጪ የሚበቅል ሌላ ነገር አልተሰጣቸውምና። ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ያያል እንደሚባለው፣ ክልከላው ያየው የሚሸጠውን እህል እንጂ ገበሬው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚዘራ አልነበረም።

አዳቃዮች የመረጡት የመርዙን መጠን ከዘሩ መቀነስን ነው። በአገር በቀሎቹ የኢትዮጵያ ጓያዎች ኦዳፕ ብዙ ጊዜ ከፍሬው ክብደት ከ0.2 በመቶ በላይ ይሆናል። በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በሌሎች አገሮች ከ0.1 በመቶ በታች የያዙ ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ በኢትዮጵያም ኢካርዳ ከተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከመጣ ዘር የተመረጠችው ዋሴ በ2006 ተለቃለች፤ መጠኗ 0.08 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ወደ ገበታ ስናመጣው፣ 0.4 በመቶ ከያዘ ጓያ ግማሽ ኪሎ የበላ ሰው 2 ግራም ኦዳፕ ሲያገኘው፣ ያንኑ ያህል ዋሴ የበላ 0.4 ግራም ብቻ ያገኛል። ምንም ኦዳፕ የሌለበት ዝርያ ግን እስካሁን በእጅ አልገባም።

ዘሩ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ ገበሬ እጅ ሲገባ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው የኦዳፕ መጠን በዝርያ ብቻ የማይወሰን መሆኑ ነው፤ ድርቅና ዚንክ ያነሰው አፈር መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ይህ ማለት ጓያ እጅግ መርዛማ የሚሆነው ሰዎች እጅግ በሚመኩበት በዚያው ዓመት ነው። ሁለተኛው ንብ ነው። ጓያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ንቦች ከጎረቤት ማሳ የአበባ ዱቄት ያመጣሉ፤ በአገር በቀል ጓያ የተከበበ የተሻሻለ ዘር ከዓመት ወደ ዓመት ጠባዩን ያጣል። በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል፣ ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ገበሬው የዘንድሮ ዘሩ ከገዛው ዘር ጋር አንድ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

አዲሱ ተስፋ ያለው በዘረመል ምርምሩ ላይ ነው። በእንግሊዝ ኖሪች የሚገኘው የጆን ኢንስ ማዕከልና ናይሮቢ ያሉ ተመራማሪዎችን ጨምሮ ከብዙ አገሮች የተውጣጣ ቡድን የጓያን ሙሉ ዘረመል አንብቦ በ2023 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት አወጣ። ዘረመሉ ከ6 ቢሊዮን በላይ ፊደላት አሉት፤ የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ የጓያው እጥፍ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ራሱን የሚደጋግም በመሆኑ ማንበቡ አድካሚ ነበር። ከዚህም በላይ የሚጠቅመው ኦዳፕ በተክሉ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየቱ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች የሚሠሩት ሁለት ኢንዛይሞች ናቸው። የመጀመሪያው ኦክሳሊክ አሲድን ለሥራ ዝግጁ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ያንን ተቀብሎ ከሌላ አሚኖ አሲድ ጋር ሲያጣብቀው ኦዳፕ ይሆናል። በመካከል ያለው ውህድ ቶሎ የሚበላሽ ነው፤ ስለዚህ ኢንዛይሞቹ ተራርቀው አይሠሩም፤ ጡብ እንደሚቀባበሉ የግንብ ሠራተኞች እጅ ለእጅ ተጠጋግተው ይሰጣጣሉ።

ይህን ማወቅ አዳቃዩን የት ላይ መቁረጥ እንዳለበት ይጠቁመዋል። የመጀመሪያው ኢንዛይም ኦክሳሊክ አሲድን በማስወገድ ሌላም አገልግሎት ስላለው እሱን ማጥፋት ተክሉን ሊጎዳ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የኦዳፕ የራሱ ሠራተኛ ስለሆነ የተሻለ ዒላማ ይመስላል። ለዚህ ኃላፊ የሆነው የዘረመሉ ክፍል ከታወቀ ደግሞ ሺህ ችግኝ ዘርቶ ፍሬውን እየፈጩ ከመመርመር ይልቅ በቅጠሉ ብቻ መምረጥ ይቻላል። መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ተክሉ ኦዳፕን ለምን እንደሚሠራው ገና አከራካሪ ነው። ናይትሮጅን ለማከማቸት፣ ነፍሳትን ለመከላከል፣ ዚንክን ለማጓጓዝ ወይም ድርቅን ለመቋቋም ይረዳው ይሆናል የሚሉ አሉ። ድርቅ መቻሉ ከመርዙ ጋር የተያያዘ ከሆነ መርዙን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ጓያን ጓያ ያሰኘውን ጠባይ ሊወስድበት ይችላል። ዝቅተኛ ኦዳፕ ያላቸው ዝርያዎች በደህና መብቀላቸው ግን ፍርሃቱን ያቀለዋል።

ኦዳፕ ራሱ ሁልጊዜ ጠላት አለመሆኑም ሊጠቀስ ይገባል። ይኸው ውህድ በቻይና ለዘመናት ደም ለማቆም በሚጠቀሙበት ፓናክስ ኖቶጂንሰንግ በተባለ ሥር ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ዴንሲቺን በሚል ስም ይታወቃል። በተጨማሪም ጓያ ከተለመዱት የምግብ ሰብሎች ሁሉ በተለየ ሆሞአርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በብዛት አለው፤ በደማቸው ውስጥ የዚህ መጠን ዝቅ ያለባቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በሰፊ ጥናቶች ታይቷል። ከዚህ ተነሥቶ ጓያ የልብ መድኃኒት ነው ማለት ግን አይቻልም፤ እስከዚያ የሚያደርስ ማስረጃ የለም።

የዘረመሉ ሥራ ወደ ገበሬው ጎተራ እስኪደርስ ገና ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው በድርቅ ዓመት ወረርሽኙን የሚያቆመው ነገር ከላይ የተጠቀሰው የደላንታ ጥናት ያመለከተው የእርዳታ እህል ነው፤ ጓያውን ለመተካት ሳይሆን ለመደባለቅ። ቤተሰቡ ከሚበላው ሲሶውን ያህል እንኳ ስንዴ ወይም ማሽላ ቢሆን አደጋው በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ ሙሉ ቀለብ ከማቅረብ እጅግ ያነሰ እህል ነው። ወሳኙ ጊዜው ነው። ሌላው ሰብል መክሸፉ በኅዳር ይታወቃል፣ ጓያው በጥርና በየካቲት ይነቀላል፣ ጉዳቱ ደግሞ ያለማቋረጥ ከተበላ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ እህሉ ከመጋቢት ሳያልፍ ወረዳው መድረስ አለበት፤ በሰኔ የደረሰ እርዳታ ረሃቡን ቢያስታግስም የተያዘውን እግር አይፈታም።